በጉባኤ ፊት ለመቆም ፍርሃቱ እስኪለቅ መጠበቅ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ሲርገበገብ ሁሉም ሰው ያየው መሰለኝ፤ አንድ ገጽ ዘልዬ እንደምንም ጨርሼ ተቀመጥኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት ማቅረብና ወርሃዊው መዋጮ ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ የሚልበትን ምክንያት ማስረዳት አለብኝ። ከባለፈው ስብሰባ በፊት በሕይወቴ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ሌላ ሰው ይተካኝ ልበል? ጎረቤቴ ልብ የሚያረጋጋ ክኒን ሰጥታኛለች፤ ብወስደውስ?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣

ኃላፊነቱን አይመልሱ፤ ፍርሃቱ እስኪለቅዎትም አይጠብቁ፤ ክኒኑን ደግሞ ለጎረቤትዎ ይመልሱላት። ምክንያቶቼን ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች እንደ አንድ ሆነው ቀርበዋል። አንዱ ፍርሃት ሲሆን ሌላው አለመልመድ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሳይለይ «እኔ ፈሪ ነኝ» ብሎ ይደመድምና ጉልበቱን ሁሉ ፍርሃቱን በማባረር ላይ ይጨርሳል። በዕድሮች፣ በሸማች ማኅበራትና በነዋሪዎች ኮሚቴዎች ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎችን ንግግር ሳሠለጥን በተደጋጋሚ ያየሁት ግን በቀጥታ ልንሠራበት የምንችለው አለመልመዱን መሆኑን ነው፤ ፍርሃቱ ልምዱን ተከትሎ ይቀንሳል፣ ቀድሞት ሲቀንስ አላየሁም። እርስዎ ከዚያ ቀን በፊት በሰው ፊት ተናግረው አያውቁም ነበር። አንድም ቀን ያልሠሩትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠሩ፤ ድምፅዎ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ገጽም ዘለሉ፤ ይሁንና የተቀመጡት ጨርሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ በቂ ነው።

አለመልመዱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ራስን ከመውቀስ ያድናል። አብዛኞቻችን ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምረን ያደግን ነን። በትምህርት ቤትም ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ተነሥቶ የመናገር ዕድል የሚደርሰው ለጥቂቶች፣ በተለይም በሚኒ ሚዲያና በክርክር ክበብ ለሚሳተፉት ነበር። በሴቶች ላይ ደግሞ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው አባባል ተጨምሮ፣ በሸንጎ ፊት ቆሞ የመናገሩ ልምምድ ለብዙ ትውልድ ከእጃቸው ርቆ ቆይቷል። ስለዚህ የጎደለዎት ልምምድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ይገኛል።

የሚኖሩበት ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። በቆየ ሰፈር ባለ ዕድር ውስጥ አባላቱ ለረጅም ዘመን የተዋወቁ ስለሆኑ ጸሐፊዋ ብትሳሳት እንኳ «የእገሌ ልጅ ናት» ተብላ ትታለፋለች። በከተማዋ ዳር በተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች ግን ዕጣ የደረሰው ሁሉ ከየሰፈሩ ተሰባስቦ ነው የገባው፤ ተከራዩ ይቀያየራል፤ ሳይነጋ ለትራንስፖርት ተሰልፎ ከመሸ የሚመለስ ሰው ጎረቤቱን የሚያገኘው ደረጃ ላይ ሲተላለፍ ነው። በጉባኤው ፊት ሲቆሙ የሚያዩት በአብዛኛው የማያውቁትን ፊት መሆኑ ፍርሃቱን ያከብደዋል። ይህ ግን በእጅዎ ላይ ያለ ነገር ነው፤ መፍትሔውን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

አሁን ወደ ሰውነትዎ እንምጣ። ሰው በብዙ ዓይን ፊት ሲቆም አንጎሉ ሁኔታውን እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጣት ይቀዘቅዛል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽና በጉሮሮ ጡንቻዎች አማካይነት ስለሆነ እነዚህ ሲወጠሩ ድምፁም ይቀጥናል፣ ይንቀጠቀጣል። ለዓመታት ሲናገሩ የኖሩ ሰዎችም ይህን ስሜት አያጡትም። እነርሱን የሚለያቸው የስሜቱን አካሄድ ከልምድ ማወቃቸው ነው፤ እጅግ የሚበረታው ከመነሣት ጥቂት ቀደም ብሎና በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ መናገሩን ከቀጠሉ እየረገበ እንደሚሄድ ደጋግመው አይተዋል። እርስዎ ግን ባለፈው ስብሰባ ገጽ ዘለው ፈጥነው ስለተቀመጡ ስሜቱ ሲረግብ ለማየት አልደረሱም። በመሆኑም ሰውነትዎ የያዘው ትምህርት «ከዚያ ቦታ በመሸሽ ተረፍኩ» የሚል ነው። ሌላ ሰው እንዲተካዎት ቢጠይቁ ይኸው ትምህርት ይጠነክራል፤ ለዛሬ እፎይ ይላሉ፣ የሚቀጥለው ጊዜ ግን ከዛሬው ይከብዳል። «እስኪለቀኝ ልጠብቅ» የሚለውን ሐሳብ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍርሃት በመጠበቅ አይለቅም።

የሚለቅበትን መንገድ የሥነ ልቦና ሳይንስ በደንብ አጥንቶታል። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥ የሚያደርግ የሕክምና ዘዴ አዳብሯል። አልበርት ባንዱራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ጥናት በራስ መተማመንን ከሚገነቡት ነገሮች ሁሉ ብርቱው ሥራውን ራስ ሠርቶ መወጣት እንደሆነ አስረድቷል፤ የሌሎች ማበረታቻና ምክር ከዚያ በታች የሚቀመጥ ነው። ይህ አካሄድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፣ በጓደኞቹ ፊት ይሰማል፣ በቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ፊት የሚቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አባቶቻችን ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን መወድስ ይዞ ሕዝብ ፊት እንዲቆም አላደረጉም፤ እርስዎም በራስዎ ላይ እንዲህ አያድርጉ። «ፍርሃትን በአንድ ቀን ማስወገድ» እየተባለ የሚሸጠውን ሥልጠናም አልመክርዎትም፤ በጭብጨባና በጩኸት የመጣ ድፍረት አዳራሹን ሲለቁ አብሮ ይቀራል።

ስድስት ሳምንት ለዚህ ሥራ ደህና ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርቱን ቤትዎ ውስጥ ብቻዎን ሆነው፣ ቆመው፣ በሙሉ ድምፅ ያንብቡት። ተቀምጦ በለሆሳስ ማንበብ ዓይንን እንጂ ጉሮሮንና እግርን አያለማምድም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ ጎረቤት ይሰማኛል ብለው ድምፅዎን ከቀነሱ ግን ልምምዱ ባዶ ይሆናል፤ ልጆች በግቢው ውስጥ በሚጫወቱበት ሰዓት ቢያደርጉት ማንም ልብ አይልዎትም። ቀጥሎ በስልክዎ ይቅዱና ያዳምጡት። የራስን ድምፅ ሰምቶ መደንገጥ የሁሉም ሰው ነው፤ የድምፅዎን ውበት ለመመዘን አይድከሙ። የሚያዳምጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ የዓረፍተ ነገሮቹ መጨረሻ በግልጽ ይሰማል ወይ? በቋንቋችን ዋናው ነገር የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ፈርቶ የሚናገር ሰው ትንፋሹ ስለሚያልቅበት መጨረሻውን ይውጠዋል፤ «ያልከፈሉ አባላት እንዲሰረዙ» የሚለው ተሰምቶ «ተወስኗል» ይሁን «አልተወሰነም» ሳይለይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ደግሞ ስብሰባውን ሁሉ ይበላዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ለእርስዎ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለሰሚው የማሰቢያ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ ለሚያምኑት ሰው፣ ለእህትዎ ወይም ለባለቤትዎ፣ በአራተኛው ደግሞ ቡና ላይ ለተሰበሰቡ ሦስት አራት ጎረቤቶች የመዋጮውን ጉዳይ ብቻ ያስረዱ። ሲጨርሱ «እንዴት ነበርኩ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት «ጎበዝ» ይልዎታል፣ እርስዎም አያምኑትም። «መዋጮው ለምን እንደሚጨምር ገባሽ? እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» ብለው ይጠይቁ። መልሳ ከነገረችዎት ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው፤ ካልቻለችም የሚታረመው የሪፖርቱ አቀራረብ ነው። አራቱ ጎረቤቶች በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሚያውቋቸው አራት ፊቶች ይሆናሉ። በአምስተኛው ሳምንት በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ቆመው እንዲያቀርቡ ሰብሳቢውን ይጠይቁ። ይህ ደረጃ በፍጹም አይዘለል፤ በቤተሰብ ፊትና በጉባኤ ፊት በመቆም መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥረው እርሱ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ስብሰባው የሚካሄድበት አዳራሽ ባዶ ሲሆን ገብተው በሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያቅርቡት።

የሪፖርቱ አጻጻፍ ራሱ ከፍርሃቱ ጋር ይገናኛል። ለዓይን የተጻፈ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። «በግማሽ ዓመቱ ከአባላት የተሰበሰበው መዋጮ ከወጪ ጋር ሲነጻጸር ጉድለት ያሳየ በመሆኑ የመዋጮ ማሻሻያ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል» የሚለውን ለመዝገቡ ይተዉት። ለጉባኤው ግን እንዲህ ይበሉ፦ «ባለፉት ስድስት ወራት ከሰበሰብነው ያወጣነው ይበልጣል። ሐዘን ለደረሰበት አባል የምንሰጠውን ገንዘብ አልቀነስንም። የድንኳኑና የወንበሮቹ ጥገና ግን ተወዷል። ስለዚህ መዋጮው ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ እንዲል ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል።» ይህን ጮክ ብለው ቢያነቡት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ እንደሚያልቅ ያያሉ። ቁጥር ሲበዛ ሰሚው ይጠፋበታልና ሦስት ዋና ዋና ቁጥሮችን ብቻ በቃል ይናገሩ፤ ዝርዝሩ ተባዝቶ ይታደል ወይም በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ።

ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ገጹ ብቻ ይጻፉ፤ የገጹን ቁጥር ከላይ በጉልህ ያስፍሩ፤ ገጽ የተዘለለው በፍርሃት ብቻ ሳይሆን ምልክት ስላልነበረውም ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹን ጠንካራ ሽፋን ባለው አጀንዳ ላይ አድርገው ከያዙ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ወረቀቱ አይርገበገብም። ሙሉውን በቃል ለመያዝ አይሞክሩ፤ በቃል የተያዘ ንግግር አንድ ቃል ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቃልዎ የሚይዙት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ ይሁን። ፍርሃቱ የሚበረታው መጀመሪያ ላይ ነውና በዚያ ሰዓት አፍዎ ሳያስቡ የሚያወጣው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ለምሳሌ «እንደምን አደራችሁ። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ዛሬ ሁለት ነገር ነው የማቀርበው፤ ገንዘባችን የት እንደዋለ፣ ቀጥሎም መዋጮው ለምን መጨመር እንዳለበት።»

መንቀጥቀጤን ሁሉም አይቶታል ያሉት ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው፣ ግን በአብዛኛው ትክክል ያልሆነ ነገር ነው። ኬነዝ ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ በግልጽ እንደሚታይ ቢያስቡም አድማጮቹ የሚያዩት ከዚያ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህም በላይ ይህ እውነት አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አድርገዋል። እርስዎም አሁን ተነግሮዎታል፤ የልብዎ ምት ለእርስዎ እንደ ከበሮ ቢሰማዎትም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጡት አይሰማም።

በዕለቱ ቀደም ብለው ይድረሱና በሩ አካባቢ ሆነው የሚገቡትን አባላት ሰላም ይበሉ፤ «የትኛው ብሎክ ነዎት?» ብለው ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጡ። አነሣዋለሁ ያልኩት መፍትሔ ይህ ነው፤ ሲቆሙ የማያውቁት ሕዝብ የነበረው ቢያንስ በከፊል ሰላም ያሏቸው ሰዎች ይሆናል። ቡና የለመዱ ከሆነ እንደ ወትሮው ይጠጡ፤ ፈጽሞ መተው ራስ ምታት ያመጣል፤ ከወትሮው ማብዛት ደግሞ የልብ ምቱን ያፋጥነዋል። ማይክሮፎን ካለ ሰው ሳይሞላ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው ድምፅዎን ይስሙት። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ አራት ጣት ያህል አርቀው ከአገጭዎ ትይዩ ይያዙት፤ ከሞንታርቦው ፊት ለፊትም አይቁሙ፣ ይጮህብዎታል። ክረምት ከሆነና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ከዝናብ ጋር አይወዳደሩ፤ እስኪያባራ ማቆም መብትዎ ነው።

ተራዎ ሲቃረብ ረጅም ትንፋሽ ያውጡ፤ ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን ያስረዝሙት፤ ቀስ ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያረግባልና። ለራስዎ «ተረጋጊ» እያሉ ግን አይታገሉ። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ጭንቀትና ጉጉት ሁለቱም ልብን የሚያፋጥኑ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከጭንቀት ወደ ዕርጋታ ከመሻገር ይቀላል። «ይህን ነገር ለማስረዳት እፈልጋለሁ» ብለው ይነሡ። ሲናገሩም ግድግዳ ላይ እንዲያፈጡ የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ፤ ሰላም ካሏቸው ሰዎች አንዷን ይዩና አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት፣ ቀጥለው ወደ ሌላ ሰው ይዙሩ።

የመዋጮ ጭማሪ ተቃውሞ ማስነሣቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብዙ ጀማሪ ተናጋሪ ለሁሉም ወዲያው ለመመለስ ሲጣደፍ ይደናገራል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ይስሙ፣ በአጭሩ ይጻፉት፣ ከዚያም «ጋሼ፣ የጠየቁት ጭማሪው በአንድ ጊዜ ለምን 50 ብር ሆነ ነው፤ ልክ ነኝ?» ብለው መልሰው ይናገሩት። ጠያቂው መሰማቱን ሲያውቅ ቁጣው ይበርዳል፤ እርስዎም የማሰቢያ ጊዜ ያገኛሉ። የማያውቁትን ነገር «ይህን ከገንዘብ ያዡ ጋር አይቼ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ» ማለት ነውር የለውም። ጫጫታ ከተነሣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አይፎካከሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አፄ ኃይለ ሥላሴ ለመናገር ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሹ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ጸጥ ብለው ቆሙና ከዚያ በኋላ በአማርኛ የተጻፈ ንግግራቸውን ከወረቀት አነበቡ። ከወረቀት ማንበብ የሚያሳፍር አይደለም፤ ዝም ብሎ ቆሞ መጠበቅም ሽንፈት አይደለም። ሥርዓት ማስከበሩ የሰብሳቢው ሥራ ስለሆነ ይህን አስቀድመው ከእርሳቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ ሪፖርቱም ከአጀንዳዎቹ መጀመሪያ ላይ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ተራ መጠበቅ ራሱ ያደክማልና።

ስለ ክኒኑ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ፕሮፕራኖሎል ከሆነ የልብን ምት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም መርምሮ ሊያዝዘው ይችላል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው፣ ልባቸው ቀድሞውንም በዝግታ ለሚመታና የስኳር ሕመም ላለባቸውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዲያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ከሆነ ደግሞ ያስተኛል፣ ማስታወስን ያዳክማል፣ ሱስም ያስይዛል። ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት በምንም ምክንያት አይወሰድም። ለድፍረት ተብሎ የሚወሰድ መጠጥም እንዲሁ ነው።

ፍርሃቱ በጉባኤ ብቻ ሳይወሰን በሰው ፊት መብላትን፣ ስልክ ማንሣትን፣ ሥራ ቦታ ሰው ማናገርን የሚከለክልዎት ከሆነና ይህም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ በልምምድ ብቻ የሚያልፍ ላይሆን ይችላል። ሕክምና አለው፤ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ይልኩዎታል። ከጻፉልኝ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁበትም።

ከጉባኤው በኋላ በዚያው ቀን ማታ የሆነውን በአጭሩ ይጻፉ፤ ፍርሃቱ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደረገበ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳስቸገረዎት፣ ሰው የቱን በደንብ እንደሰማ። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባም ቃለ ጉባኤውን ራስዎ ያንብቡ፤ «አንዴ ተወጥቼዋለሁ» ብለው ለሌላ አባል አይስጡ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ብዙ ወራት ካለፉ ሰውነት የለመደውን ይረሳል።